የጭነት መኪና የዲፈረንሻል ዘይት አመራረጥ፦ «ወፍራም አለ?» ብላችሁ አትጀምሩ

የሞተር ዘይት ላይ ሁላችንም ባለሙያ ነን። ቁጥሩን በቃላችን እናውቃለን፣ ኪሎ ሜትሩን እንቆጥራለን፣ ፊልትሮውንም አብረን እንቀይራለን። ዲፈረንሻል፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ጊር ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፦ «ወፍራም አለ?» ሻጩ ካለው ይቀዳል፣ ረዳቱ ይሞላል፣ መኪናው ይነሳል። ከወራት በኋላ የኋላው ማፏጨት ሲጀምር ጥፋቱ የመንገዱ ይሆናል፣ ወይም የኩሽኔታው፣ ካልሆነም «የቻይና ዕቃ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ውፍረት መታየት አለበት። ግን ተራው ሦስተኛ ነው። መጀመሪያ የጊሩ ዓይነት፣ ቀጥሎ ዘይቱ ውስጥ ያለው ኬሚካል፣ ከዚያ በኋላ ነው ውፍረት። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ሱቅ ውስጥ ማንም አያደናግራችሁም።

1. የኋላው ውስጥ ያለውን ጊር እወቁ

ብዙ የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ሃይፖይድ የሚባለው ዓይነት ነው። ከካምቢዮ የሚመጣውን ኃይል የሚቀበለው ትንሹ ጊር (ፒኞን) ኮሮና ከሚባለው ትልቅ ክብ ጊር መሃል ጋር ትይዩ ሆኖ አይገጥምም፤ ዝቅ ብሎ ነው የሚገባው። በዚህ ምክንያት ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ መንከባለል ብቻ ሳይሆን በጎን መንሸራተትም አለ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ድምፁ ይቀንሳል፣ ፒኞኑም ተለቅ ብሎ ስለሚሠራ ይጠነክራል። መንሸራተቱ ግን በጥርሶቹ መሃል ያለውን ዘይት ይጠርጋል። ተራ ዘይት እዚያ ቦታ ላይ አይቆይም፤ ብረት ከብረት ይገናኛል።

የሚገርመው ነገር ጊሩ በጣም የሚጎዳው በፍጥነት ሲኬድ አይደለም። ሙሉ ጭነት ይዞ፣ በከባድ ማርሽ፣ ቀስ እያለ ዳገት ሲወጣ ነው። ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚወጣ ተሳቢ መኪና አስቡ። ጊሩ በዝግታ ይዞራል፣ ስለዚህ ዘይቱን ወደ ጥርሶቹ መሃል ጎትቶ የሚያስገባበት ፍጥነት የለውም፤ ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ደግሞ ከፍተኛ ነው። እዚህ ላይ ውፍረት ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ቁጥር 3 ላይ የምናየው ኬሚካል ነው። ቁልቁለቱን በሞተር ፍሬን ስትወርዱም ጊሩ አያርፍም፤ ጭነቱ ወደ ጥርሱ ሌላኛው ጎን ይዞራል እንጂ።

መኪናችሁ ሁለት የሚነዱ የኋላ አክስሎች ካሉት በመሃላቸው ኃይል የሚያካፍል ሌላ ትንሽ ዲፈረንሻል አለ፤ እሱም ዘይት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ገልባጭ ሲኖትራኮች ደግሞ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ውስጥ ራሱን የቻለ ጊር አላቸው። ዲፈረንሻሉን ብቻ ቀይሮ ሞዞውን የረሳ ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተወው። መኪናው ሥር ገብታችሁ ስንት መሙያና ስንት ማፍሰሻ ቡሎን እንዳለ በአንድ ጊዜ ቁጠሩና ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ። ለሁልጊዜ ይሆናችኋል።

2. ማኑዋሉን ፈልጉ፣ ከጠፋም አክስሉን አንብቡ

የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማኑዋሉ ነው። እኔም ሆንኩ መካኒኩ ከሱ በታች ነን። ችግሩ ያገለገለ መኪና ብዙ ጊዜ ያለ ማኑዋል ነው የሚመጣው፤ ቢመጣም በማናነበው ቋንቋ። ያኔ ሁለት መንገድ አለ። የመኪናውን ሞዴልና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ላይ ይዛችሁ ወደ አስመጪው ጋራዥ ሂዱ። ወይም አክስሉ ላይ የተለጠፈውን የብረት ጽሑፍ በናፍታ ጠርጋችሁ አንብቡ። የመኪናው ፋብሪካና የአክስሉ ፋብሪካ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ የዘይቱን ዓይነት የሚወስነው ደግሞ አክስሉ ነው።

የአውሮፓ መኪና ከሆነ ማኑዋሉ ተራ ቁጥር ብቻ አይሰጥም፤ የራሱን ፈቃድ ይጠቅሳል። መርሴዲስ 235 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለው፣ ማን (MAN) የሚባለው መኪና 342 ይላል፣ ቮልቮም የራሱ አለው። ያ ቁጥር ዘይቱ ጀርባ ላይ ተጽፎ ካገኛችሁት ጭቅጭቁ አለቀ፣ ከፍላችሁ ውጡ። ለአይሱዙና ለብዙዎቹ የቻይና መኪናዎች ግን የሚጻፈው አጠር ያለ ነው፤ ቀጥሎ የማነሳው ጂኤል 5 እና የውፍረት ቁጥር።

3. ጂኤል 4 ወይስ ጂኤል 5? ገንዘባችሁን የሚያተርፈው ይሄ ነው

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ኤፒአይ፣ የጊር ዘይትን በሥራው ክብደት ይመድባል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታገኟቸው ሁለቱ ናቸው፦ ጂኤል 4 እና ጂኤል 5። ልዩነታቸው የጥራት አይደለም። ጂኤል 5 ድኝና ፎስፈረስ ያለበት የከባድ ጫና ኬሚካል ከጂኤል 4 በእጥፍ ገደማ ይዟል። ጥርሱ ሲግል ያ ኬሚካል ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ይሠራል። ዘይቱ ሲጠረግ የሚቀረው እሱ ነው። የጊር ዘይት ጣሳ ስትከፍቱ አፍንጫ የሚይዘው ሽታም ከዚሁ ድኝ የመጣ ነው።

ስለዚህ ለሃይፖይድ ዲፈረንሻል ጂኤል 5። «ጂኤል 4ም ያው ነው» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉ።

ታዲያ ጂኤል 5 እንዲህ ጠንካራ ከሆነ ካምቢዮ ውስጥስ ለምን አይገባም? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማርሽ ስትቀይሩ ጊሮቹን የሚያስተካክሉት ቀለበቶች ብዙ ጊዜ ናስ ናቸው። የጂኤል 5 ኬሚካል ናስ ሊበላ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ቀለበቱ ሥራውን የሚሠራው በመያዝ ስለሆነ በጣም የሚያንሸራትት ዘይት ማርሹን ያስቸግራል። የአንዳንድ አይሱዙ ሞዴሎች ካምቢዮ እንዲያውም የሞተር ዘይት ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ «አንድ ጀሪካን ግዛ፣ ለካምቢዮም ለኋላውም ይሆናል» የሚባለው ምክር ከሁለቱ አንዱን ይጎዳል። ማኑዋሉ ለሁለቱም አንድ ዘይት ካላዘዘ በቀር ሁለት ዘይት ግዙ።

ጣሳው ላይ እንዴት እንደሚለይ ላሳያችሁ። ሼል ስፓይራክስ ኤስ 2 የሚባል ዘይት አለው። አንዱ መጨረሻው ላይ ኤ የሚል ፊደል አለው፤ ለአክስል ነው፣ ጂኤል 5። ሌላው ጂ ይላል፤ ለካምቢዮ ነው፣ ጂኤል 4። ሞቢልም ያው ነው፦ ሞቢሉብ ኤችዲ ጂኤል 5፣ ሞቢሉብ ጂኤክስ ጂኤል 4። የሁለቱም ፊት ላይ 80 ደብሊው 90 ተጽፎ ልታገኙ ትችላላችሁ። ስሙ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ ሥራው ሌላ። ከመደርደሪያ ሲወርድላችሁ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን አዙራችሁ አንብቡ፤ ሻጩ ቢቸኩልም ይቸኩል።

4. አሁን ወደ ውፍረቱ

80 ደብሊው 90 ሲል ሁለት ነገር ነው የሚናገረው። ደብሊው ያለበት የመጀመሪያው ቁጥር ብርድን ይመለከታል፣ ሁለተኛው ሙቀትን። 75 ደብሊው እስከ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይፈሳል፣ 80 ደብሊው እስከ 26፣ 85 ደብሊው እስከ 12። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ትሠራለች፣ ግን ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ አትደርስም። ለአገራችን መንገድ እንግዲህ ሦስቱም ብርዱን ይችሉታል። የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ብዙ አትጨነቁ።

ሁለተኛው ቁጥር ላይ ግን ቁም ነገር አለ። ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ የሚለካ ውፍረት ነው። 90 የሚባለው ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ነው፣ 140 ደግሞ ከ24 እስከ 32.5። ማለትም 140 ትኩስ እያለ ከ90 በእጥፍ ገደማ ይወፍራል። በነገራችን ላይ የጊር ዘይትና የሞተር ዘይት ቁጥሮች በተለያየ ሚዛን ነው የሚሰፈሩት። 90 የጊር ዘይት ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል። «90 ከ50 በጣም ይወፍራል» የሚለው ወሬ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ወሬ ነው። ይህ ማለት ግን የሞተር ዘይት ዲፈረንሻል ውስጥ ይግባ ማለት አይደለም፤ ውፍረቱ ቢመሳሰልም ሃይፖይዱ የሚፈልገው ኬሚካል የለውም።

«ወፍራም ይሻላል» የሚሉ ሰዎች ያዩትን እውነት አልክድም። የላላ ጊር በወፍራም ዘይት ድምፁ ይቀንሳል። ያፈስ የነበረ ፓራኦሊዮም (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ትንሽ ይታገሳል። ነገር ግን ወፍራም ዘይትን ለመናጥ ጉልበት ይሄዳል፤ ያ ጉልበት ናፍታ ነው፣ ትርፉም ሙቀት። የፒኞኑ የፊት ኩሽኔታ ደግሞ ዘይት የሚያገኘው ኮሮናው እየዞረ ሲረጭለት ነው። ማለዳ ላይ 140 እንደ ማር ሲረጋ ያ ኩሽኔታ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በረሃብ ነው የሚሄደው። ከፍታ ቦታ ያደረ መኪና በ140 ከሆነ እስኪሞቅ ድረስ ቀስ ብላችሁ ንዱት።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። አዲስ አበባን ይዞ በደጋና በወይና ደጋ ለሚሠራ አይሱዙም ሆነ መለስተኛ ጭነት መኪና 80 ደብሊው 90 ወይም 85 ደብሊው 90 ይበቃዋል። በሚሌ፣ በሰመራ፣ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ፣ ሙሉ ጭኖ ተሳቢ የሚጎትት ከሆነ 85 ደብሊው 140 ሊያስፈልገው ይችላል፤ በተለይ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን፣ አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን። ግን አንድ ሁኔታ አለው፤ ማኑዋሉ 140ን መፍቀድ አለበት። ብዙ ማኑዋሎች የአየሩን ሙቀት ከዘይቱ ቁጥር ጋር የሚያሳይ ሰንጠረዥ ስላላቸው ጣታችሁን አስፍራችሁ ማየት ነው። ማኑዋሉ 90 ብቻ ካለ 90 ነው።

5. ሲንቴቲክ ያዋጣል?

ሲንቴቲክ በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት ነው። ያዋጣል፣ ለሚገባው መኪና። 75 ደብሊው 90 እና 75 ደብሊው 140 አብዛኛውን ጊዜ ሲንቴቲክ ናቸው። በሙቀት ቶሎ አይቀጥኑም፣ ቶሎ አይበላሹም፣ የመቀየሪያ ጊዜያቸውም ይረዝማል። ረጅም መንገድ ለሚሄድ አዲስ የአውሮፓ መኪና ማኑዋሉ ካዘዘው አትከራከሩ። ውሃ ለሚሻገር፣ የድንጋይ ካባ ለሚገባ ገልባጭ ግን ዘይቱ ሳያረጅ ውሃና ጭቃ ነው የሚያበላሸው። እዚያ ላይ ውድ ዘይት አስገብቶ ረጅም ጊዜ ከመቆየት፣ ጥሩ ተራ ጂኤል 5 አስገብቶ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል።

ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው፣ አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ ዲፈረንሻል ያለው መኪና የራሱን ተጨማሪ ኬሚካል ይፈልጋል። ይህ አንዳንድ ፒክአፖች ላይ ነው የሚያጋጥመው። በቁልፍ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ያላቸው ከባድ መኪናዎች አያስፈልጋቸውም።

6. ግዢው

ሶማሌ ተራም ግዙ፣ ነዳጅ ማደያም ግዙ፣ ከበርሜል በሊትር እየተቀዳ የሚሸጥ ዘይት ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በርሜሉ ላይ የተጻፈው ስም ውስጡ ስላለው ምንም አያረጋግጥም። በሁለት ጣት አሽቶ «ጥሩ ነው» ማለትም ዋጋ የለውም፤ ጣት ውፍረት ይለካል፣ ኬሚካል አይለካም። የታሸገ ግዙ። የክዳኑ ማሰሪያ ቀለበት አልተሰበረም? ከክዳኑ ሥር ያለው ፎይል አለ? የምርት ቀንና የባች ቁጥር ፕላስቲኩ ላይ ታትሟል ወይስ ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው? ደረሰኝም ተቀበሉ። ባዶውን ጣሳ ደግሞ እንዲሁ አትጣሉት፣ ብሱት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነገር ተሞልቶ እናንተኑ እንዳያገኛችሁ።

7. ሲቀየር እንዲህ ይደረግ

መኪናውን ትንሽ ንዱትና ዘይቱ ለብ ሲል ሜዳ ላይ አቁሙ። ጎማው ላይ ታኮ አድርጉ። ከዚያ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። አፍስሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መሙያው አልፈታም ቢል መኪናው ያለ ዘይት ቆሞ ቀረ ማለት ነው፤ ይህን ጥንቃቄ ዘንግተው ገጠር መሃል የሚቸገሩ አሉ። መሙያው ከተፈታ በኋላ ማፍሰሻውን ክፈቱ፣ የሚወርደውን ደግሞ በሚለካ ዕቃ ተቀበሉ። ከተጻፈው መጠን በጣም ካነሰ የት እንደሄደ መፈለግ አለባችሁ።

የሚወርደውን ዘይት በደንብ እዩት። ጠቁሮ ቢወርድ ችግር የለውም። ማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ያለው ማግኔት እንደ ጭቃ ያለ ጥቁር የብረት ዱቄት ቢይዝ የተለመደ ነው፤ ጥረጉት። በጥፍር ሊነሳ የሚችል ስንጥር ብረት ካገኛችሁ ግን አዲስ ዘይት አትሙሉ፣ ይከፈት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ይሄ ብዙ ጊዜ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የሚመጣ ነው። የጋለው አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻውና በፓራኦሊዮው በኩል ውሃ ይስባል። በክረምት ውሃ የተሻገረ መኪና የመቀየሪያ ኪሎ ሜትሩን አይጠብቅም፤ በዚያው ሳምንት ዘይቱ ይታይ።

መተንፈሻውን ካነሳን አይቀር፣ አክስሉ አናት ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት፣ ማንም አያያትም። በጭቃ ስትደፈን ሙቀቱ የሚፈጥረው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። ዘይቱ የት ይደርሳል? የፍሬን ሸራው ላይ። ፓራኦሊዮ ሦስት ጊዜ ቀይራችሁ አሁንም የሚያፈስ ከሆነ መተንፈሻዋን አጽዱና እዩ።

አንዳንድ ጋራዥ ካፈሰሰ በኋላ ውስጡን በናፍታ ያጥባል። አትፍቀዱ። ናፍታው ጥግ ጥጉን ይይዝና አዲሱን ዘይት ያቀጥናል። ለብ ባለ ጊዜ ማፍሰስና በደንብ እስኪንጠባጠብ መታገስ ይበቃል። የቡሎኖቹን ሮንዴላ በአዲስ ቀይሩ፤ ዋጋው ከቡና አይበልጥም።

ስትሞሉ ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ አፍ ላይ ደርሶ መፍሰስ እስኪጀምር ሙሉ፤ ማኑዋሉ ሌላ ልክ ካልሰጠ ልኩ እሱ ነው። ትንሽ ቆዩ፣ እንደገና እዩ፣ ወርዶ ከሆነ ጨምሩ። ወፍራም ዘይት ወደ አክስሉ ጫፍ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳልና። ከልክ በላይ መሙላትም ጥሩ አይደለም፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ መውጫ ይፈልጋል። ሁለት የሚነዱ አክስሎች ያሉት መኪና ላይ የመሃሉን ኃይል አካፋይ በራሱ ቀዳዳ ሙሉ። ሞዞው ውስጥ ጊር ያለው ከሆነ ጎማውን አዙራችሁ ቡሎኑ ምልክቱ ጋ ሲደርስ ሙሉ፤ ለዚህ ደግሞ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ በጃክ ማንሳት ሊያስፈልግ ይችላል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ረዳቱ «ያንን ባለፈው አይተነዋል» ቢላችሁ አትስሙት።

8. መቼ ይቀየር?

አዲስ መኪና ወይም አዲስ ኮሮናና ፒኞን የገባለት ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሪ በጣም ቶሎ ነው፤ ጥርሶቹ ሲላመዱ የሚወጣው ዱቄት እዚያው መቆየት የለበትም። ከዚያ በኋላ የማኑዋሉን ኪሎ ሜትር ተከተሉ፣ ነገር ግን ከባድ ሥራ ለሚሠራ መኪና የተጻፈውን ረድፍ አንብቡ። የኛ መንገድ፣ የኛ ጭነትና የኛ ዳገት እዚያ ረድፍ ውስጥ ነው የሚገቡት። ዘይት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚባል የቆየ ስሌት አለ፤ ግምት ቢሆንም የአፋርን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ያገለገለ መኪና ከገዛችሁ የድሮው ሰውዬ ምን እንዳስገባ አትጠይቁ፣ አፍስሱት። ጩኸቱን ለመደበቅ በጣም ወፍራም ዘይት፣ አንዳንዴም ግራሶ ጨምረው የሚሸጡ አሉ። በትክክለኛው ዘይት ቀይራችሁ ጩኸቱ ብቅ ካለ፣ ያ ጩኸት ድሮም ነበር። ናፍታ ስትሰጡት ብቻ ነው የሚጮኸው ወይስ ስትለቁትም? ይህን ለይታችሁ ለመካኒኩ ንገሩት፤ የትኛው የጥርስ ጎን እንደተበላ ወይም የፒኞኑ ኩሽኔታ ላልቶ እንደሆነ ለመገመት ይረዳዋል። የተበላ ጥርስ በዘይት አይመለስም።

ከቀየራችሁ በኋላ በመጀመሪያው ጉዞ ማረፊያ ላይ ወርዳችሁ ሁለቱን ቡሎኖች በጨርቅ ጥረጉና እርጥበት ካለ እዩ። ዘይቱን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ደግሞ መኪናው ውስጥ በሚቀመጥ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ሹፌር ሲቀየር ቀጣዩ ሰው ለምሳሌ ጂኤል 5፣ 85 ደብሊው 90 መሆኑን ከዚያ አንብቦ ይግዛ።